ከ28ኛው ቀን በኋላ የሚሰጥ ክኒን

በአፋር፣ ሎጊያም ሆነ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ ስታወጣ የሚገጥማት ነገር ያው ነው። ትመዘናለች፣ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟ ይመረመራል። ከዚያም አይረንና ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘው ክኒን ይሰጣታል። ክኒኑ የሚሰጥበት ምክንያት ሲነገር ሁለት ነገር ይጠቀሳል፤ አንዱ ለደም ማነስ፣ ሌላው የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በደንብ እንዲሠራ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ስለዚህ ክኒኑን የምትውጥ እናት ይህን አንብባ እንዳታቋርጥ። ሁለተኛው ግን ለአብዛኞቹ እናቶቻችን ጊዜው ያለፈበት ተስፋ ነው። ይህን የሚያውቁ አዋላጅ ነርሶች ጥቂት አይደሉም፤ የተሰጣቸው መመሪያና በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተር ግን ሌላ ነገር እንዲናገሩ አይፈቅዱላቸውም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ቀርቶባት መጠራጠር ስትጀምር ፅንሱ 14 ቀን ገደማ ሆኖታል። የነርቭ ዘንግ የሚባለው፣ ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል፣ በ22ኛው ቀን አካባቢ መጋጠም ይጀምራል። የላይኛው ቀዳዳ በ25ኛው፣ የታችኛው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሥራው ተጠናቋል ማለት ነው፤ ወይ ተጋጥሟል፣ ወይ አልተጋጠመም። ጤና ጣቢያ እርግዝናን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሆነ፣ ካርዷ ላይ 6 ሳምንት ተብሎ በሚጻፍበት ዕለት ነገሩ አልቋል። በ2019 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የመጀመሪያውን የቅድመ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደረጉት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሦስት ወር ደግሞ 12 ሳምንት ነው። በጊዜ መጣሽ ብለን የምናመሰግናት እናት ሳትቀር፣ ፎሊክ አሲዱ ለአከርካሪው ይደርሳል ብላ ከመጣች፣ አርፍዳለች።

በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ሽሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር ነው። በጀርባው በኩል ያሉት ህዋሳት ገና ምንም አልሆኑም። ከሥራቸው ከተዘረጋው ቀጭን ገመድ መሰል ነገር የኬሚካል መልእክት ይደርሳቸውና መሀል ያሉት ነርቭ፣ ዳር ያሉት ቆዳ ይሆናሉ። በሁለቱ ወሰን ላይ የቀሩት ደግሞ ተነቅለው ይፈልሱና የፊት አጥንት፣ የቆዳ ቀለም ሰጪ ህዋስና ሌላም ይሆናሉ። ከዚያ ጠፍጣፋው እንደ ሰሌን ከሁለት ጠርዙ ተነስቶ ይጠቀለላል። ጠርዞቹ መጀመሪያ ማጅራት አካባቢ ይገናኛሉ፤ ከዚያ መጋጠሙ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ላይ ሳይጋጠም ከቀረ የራስ ቅልና አብዛኛው አንጎል አይሠራም፤ ሕፃኑም አይቆይም። ታች ሳይጋጠም ከቀረ ህብለ ሰረሰሩ ተገልጦ ይወለዳል፤ እግር ይሰንፋል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ይቸግራል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውኃ ይቋጠራል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ህዋሳት ያለ ዕረፍት ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ክፍፍል አዲስ ዲኤንኤ ይፈልጋል፤ ዲኤንኤ ደግሞ ያለ ፎሌት (በክኒኑ ያለው ፎሊክ አሲድ የዚሁ ቫይታሚን ዓይነት ነው) አይሠራም። ስለዚህ ወሳኙ በ20ኛው ቀን በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ፎሌት ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ማርገዟን አታውቅም።

ይህ ሁሉ የታወቀው በላብራቶሪ ነው። ሀንስ ሽፔማንና ተማሪው ሂልደ ማንጎልድ በ1924 ያሳተሙት ሙከራ፣ ከአንዱ የኒውት (እንሽላሊት መሰል የውኃ እንስሳ) ሽል ትንሽ ቁራጭ ወስደው ሌላው ላይ ሲተክሉ ሁለተኛ የነርቭ ዘንግ እንደሚበቅል አሳየ፤ ህዋሳት ምን እንደሚሆኑ ከጎረቤቶቻቸው እንደሚነገራቸውም በዚህ ታወቀ። ማንጎልድ በዚያው ዓመት በወጣትነቷ አረፈች፤ የ1935ቱን ኖቤል ሽፔማን ለብቻው ተቀበለ። ፎሌትን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ዘረ መል የጠፋባቸው አይጦች ዘንጋቸው ሳይዘጋ እንደሚሞቱ፣ እናታቸው ፎሌት ሲሰጣት ግን እንደሚተርፉ በ1999 ታየ። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል በ1991 ያወጣው ነው። በ7 አገሮች፣ ቀድሞ የነርቭ ዘንጉ ያልተጋጠመ ልጅ ገጥሟቸው በነበሩ 1,817 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ሴቶች ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰላቸው። ከማርገዛቸው በፊት የሚለው ቃል ይሰመርበት። ከዚህ ጥናት ክኒኑን ብቻ ወስደን ቀኑን ትተነዋል።

ታዲያ ስለ ፅንስ የላብራቶሪ ምርምር ሲነሳ፣ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚለውን መልስ ከባለሥልጣንም ከመምህርም እንሰማለን። መጀመሪያ ወባው፣ መጀመሪያ ውኃው ይባላል። ይህ አባባል ትህትና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሌሎች ያገኙትን እውቀት ሳናላምጥ መዋጥ ነው። የሥነ ፅንስን ቀን መቁጠሪያ በቅጡ ያስተማርን ቢሆን ኖሮ፣ መከላከያውን የነርቭ ዘንጉ ከተዘጋ በኋላ የሚያድል ፕሮግራም ለዓመታት ያለ ጥያቄ ባልቀጠለ ነበር።

ነገሩን አፋር ላይ ሆኖ ሲያዩት ምፀቱ ይብሳል። የአዋሽ ሸለቆ የሰው ዘር መገኛ ነው እያልን በየፖስተሩ እናስተዋውቃለን፤ ደግሞም እውነት ነው። ሉሲ በ1974 ሐዳር ተገኘች። ከዚያው አካባቢ፣ ዲኪካ ላይ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ2000 ሰላም የተባለችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን አገኘ። አከርካሪዋ ከድንጋዩ ሳይወጣ በኃይለኛ ኤክስሬይ ተነስቶ፣ 12 የደረት አከርካሪዎች እንዳሏት በ2017 ተጽፎ ወጣ። ድንቅ ሥራ ነው፤ አንድም ቃል አልነቅፍበትም። ነገር ግን ዛሬ በዚያው ሸለቆ አከርካሪዋ ተከፍቶ የምትወለደው ሕፃን ማን ይቆጥራታል? በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት በአፋር በጤና ተቋም የወለዱት 15 በመቶ ገደማ ነበሩ። የቀሩት ልጆች የተወለዱት ቤት ነው፤ የተቀበሩትም እንዲሁ።

በሌሎች ቦታዎች የተቆጠረው ራሱ የሚያስደነግጥ ነው። በ2018 የወጡ የሆስፒታል ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች በትግራይ 131፣ በአዲስ አበባ 126 የነርቭ ዘንግ ክፍተት መዝግበዋል። ሆስፒታል የሚመጣው የከበደው ወሊድ ስለሆነ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ግማሹን እንኳ ብንወስድ ዱቄታቸውን በፎሊክ አሲድ ካበለፀጉት ከአሜሪካና ከካናዳ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እዚያ ከ10 በታች ነው። ከተወለደ በኋላ ያለው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቁስሉ በቀናት ውስጥ መዘጋት አለበት። ከሰመራ አዲስ አበባ ከ580 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አራስ እናት፣ ቁስሉ በፋሻ የተሸፈነ ሕፃን ታቅፋ፣ በዚያ ሙቀት ያን መንገድ ስትጓዝ ማሰብ ይበቃል።

የምግቡን ነገር እናንሳ። ፎሌት ያለው በምስር፣ በሽምብራ፣ በቅጠላ ቅጠል ነው። አርብቶ አደሩ ቤት ዋናው ወተት ነው፤ የፍየል ወተት ደግሞ ከላም ወተት ጋር ሲነጻጸር ፎሌቱ እጅግ ጥቂት ነው። መንግሥት በ2022 የፋብሪካ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለፅግ አስገዳጅ አድርጓል፤ ለአዲስ አበባ ዳቦ በላተኛ መልካም ነው። በየሰፈሩ ወፍጮ የሚያስፈጨው ገበሬና በወተት የሚኖረው አርብቶ አደር ግን ከዚህ ዱቄት የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ለሁሉም የሚደርሰው ጨው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ከአፋር ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1998 ሲነሳ የአሰብና የምፅዋ ጨው ቀረ፤ የአፍዴራ ሐይቅ ዳርቻ የአገሪቱ ዋና የጨው ማምረቻ ሆነ። ዛሬ የጨው ጫኝ መኪኖች ከአፍዴራ ወደ ሰርዶ ወርደው፣ በሎጊያና በሰመራ አልፈው፣ በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ መሀል አገር ይወጣሉ። የአፋር እናት በር ላይ በየቀኑ የሚያልፈው ጭነት፣ ውስጡ ጥቂት ፎሊክ አሲድ ቢጨመርበት ኖሮ፣ ለእሷም በጎጃም ተራራ ላለችውም ካርድ ሳታወጣ ይደርስላት ነበር። ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ አዮዲንና ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘ ጨው በህንድ ገጠር ተሞክሮ በሴቶች ደም ያለውን ፎሌት ከፍ አድርጓል፤ በአገራችንም በጥናት ደረጃ ተይዟል። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2023 የነርቭ ዘንግ ክፍተትን በምግብ ማበልፀግ መከላከልን የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል።

መንገዱንም እናውቀዋለን፤ በአዮዲን ሄደንበታል። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያ ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰብ ጓዳ ነበር፤ በ2016 89 በመቶ ደረሰ። ሐሳቡን የሚቃወሙ ሰዎች እዚህ ላይ ጥሩ ነጥብ አላቸው፤ አዮዲን አለ ማለት በቂ አለ ማለት አይደለም። ጨው በደንብ ሳይደባለቅ ሲቀር አንዱ ጆንያ ሲበዛበት ሌላው ባዶ ይቀራል። ፎሊክ አሲድ ከዚህም የባሰ ጠባይ አለው፤ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል፣ ጨውንም ትንሽ ቢጫ ያስመስለዋል፣ ገበያ ላይ ደግሞ ቢጫ ያለ ጨው ገዢ ይሸሸዋል። እነዚህ እውነተኛ የፋብሪካ ችግሮች ናቸው፤ የሚፈቱትም በተሻለ ማደባለቂያ፣ በታሸገ ከረጢትና በማይዘናጋ ቁጥጥር ነው። ፎሊክ አሲድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ይደብቃል የሚለው ሥጋት ግን በማበልፀጊያ መጠን ማስረጃው ደካማ ነው፤ ወተትና ሥጋ ለሚበላ አርብቶ አደር ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሥጋት ነው። ጨው ለደም ግፊት ጎጂ ነው ለሚሉም፣ ማንም ጨው ጨምሩ አላለም፤ የሚበላው ይበልፅግ ነው የተባለው። ማዘግየቱ የእኛ ብቻ አመል እንዳልሆነም ልጨምር፤ ማስረጃውን ያወጣችው ብሪታንያ ራሷ ዱቄቷን ለማበልፀግ የወሰነችው በ2021፣ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ግን ሰበብ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ካለ አላከብረውም።

ላብራቶሪውስ? ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የጤናም የእንስሳት ሕክምናም ተማሪዎች አሉት። የፅንስን አፈጣጠር ለማሳየት ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። ማፈልፈያ ሣጥን፣ የለማ እንቁላል፣ ቀጭን መቀስና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲከፈት፣ የጫጩት ሽል የነርቭ ዘንግ ሲጋጠም በሁለተኛው ቀን በዓይን ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ክኒኑ መቼ እንደሚያስፈልግ ከመጽሐፍ ሸምድዶ አያወራም። ለክልሉ የሚሆን የራሱ ጥያቄም አለ። የአውስትራሊያው ተመራማሪ ማርሻል ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ እርጉዝ ጊኒ ፒጎች የሰውነት ሙቀታቸው ሲጨምር ግልገሎቻቸው የአንጎል ጉድለት ይዘው እንደሚወለዱ አሳይቷል። በሴቶችም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ትኩሳት ከነርቭ ዘንግ ክፍተት ጋር ተያይዟል። የአየሩ ሙቀትና የሰውነት ሙቀት አንድ አይደሉም፤ ግን በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ የት ሊጠየቅ ነው?

ጨዉ እስኪበለፅግ ድረስ ነገ ጠዋት የሚሠራ ነገር አለ፤ ከአዲስ አበባ ፈቃድ የሚያስጠብቅም አይመስለኝም። ፎሊክ አሲዱን ከቅድመ ወሊድ ክፍሉ አውጥቶ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ማዛወር ነው። ክንዷ ላይ የተቀበረውን መከላከያ ልታስወጣ የመጣች ሴት ልጅ እንደምትፈልግ በቃሏ ነግራናለች፤ ክኒኑ ለእሷ በዚያው ዕለት ይሰጥ። ሉፕ ያስወጣችም፣ መርፌዋን ያቋረጠችም፣ ለሠርጓ ሽር ጉድ የምትል ሙሽራም እንዲሁ። ከዚህ በፊት አከርካሪው የተከፈተ ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ከማንም በፊት ተፈልጋ ትገኝ፤ ለእሷ የሚያስፈልገው መጠን ከተለመደው 10 እጥፍ፣ በቀን 4 ሚሊ ግራም ነው፣ እሱም ሐኪም አይቷት፣ ዳግም ሳታረግዝ ነው።