የየቲም ገንዘብ በስኮትላንድ መዝገብ



አባት ሲሞት ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ጭንቅ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ልጆቹ ገና ትናንሾች ናቸው፤ እናት ዒዳዋን አልጨረሰችም። ሱቁን፣ ከብቱን፣ ሰው ዘንድ ያለውን ብድር አጎት ይረከባል። ምን ያህል እንደተረከበ የጻፈ ግን የለም። «ወንድም የወንድሙን ቤት ሲይዝ እንዴት በወረቀት ይፈረማል?» ይባላልና። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ልጁ ጎርምሶ «የአባቴ ንብረት ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አጎት ይቆጣል፤ ዘመድም ለሁለት ይከፈላል። ምናልባት አጎት ከየቲሙ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካ ይሆናል። ታዲያ በምን ያሳይ?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ወር ዓምዳችን ከዚሁ ጥያቄ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታገል የኖረን አንድ አገር መዝገብ እንገልጣለን። አገሩ ስኮትላንድ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ብትዋሐድም የራሷን ሕግና ፍርድ ቤት ይዛ ቆይታለች። የሟቾች ንብረት ዝርዝር፣ የሞግዚቶችና የባለአደራዎች ሒሳብ በዋና ከተማዋ በኤደንብራ በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተከማችቷል፤ የኑዛዜና የውርስ መዝገቡ ከ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይነሳል። የሚራስን ሕግ ከእነርሱ ልንማር አይደለም፤ የእኛው በአላህ (ሱ.ወ.) የተደነገገ ነው። ልናይ የፈለግነው ባለአደራን እንዴት አድርገው ሒሳብ እንደጠየቁት ነው።

በስኮትላንድ ማንም ሰው የሟችን ዕቃ ዝም ብሎ ሰብስቦ ሊወስድ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1564 በኤደንብራ «ኮሚሰሪ» የሚባለው ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ በየአውራጃውም መሰሎቹ ነበሩ። ንብረቱን የሚሰበስበው ሰው በዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዋስ ጠርቶ፣ መሾም አለበት። ሳይሾም እጁን ያስገባ ሰው ምን ይደርስበታል? የሟች ዕዳ በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። የወሰደው አንድ ድስት ቢሆንና ዕዳው የመቶ በሬ ዋጋ ቢሆን እንኳ!

የተሾመው ሰው የሚያቀርበው ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። በመጀመሪያ የሟች ንብረት ይቆጠራል፦ በሬው፣ በጉ፣ በጎተራ ያለው አጃ፣ አልጋና ብርድ ልብሱ፣ የለበሰው ልብስ ሳይቀር። ቀጥሎ ሰዎች ለሟች ያለባቸው ዕዳ ይጻፋል። ከዚያ ሟች ራሱ ያለበት ዕዳ ይመጣል፤ የቤት ሠራተኛዋ ያልተከፈላት ደመወዝ፣ ያልተከፈለ የመሬት ግብር ሁሉ። ዕዳው ተቀንሶ የተረፈው ሚስትም ልጆችም ካሉ ለሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ለሚስት፣ ሲሶው ለልጆች፣ ሲሶው «የሟች ድርሻ» ይባላል። ሟች በኑዛዜው ለፈለገው መስጠት የሚችለው ይህችን የመጨረሻዋን ሲሶ ብቻ ነው።

ሲሶ! የወሲያን ወሰን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። እኛም ቆመናል። ሁለቱ ሕጎች አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። በሸሪዓ ከሲሶው ውጪ ያለው ለእያንዳንዱ ወራሽ በተወሰነ ድርሻ ይከፋፈላል፤ በስኮትላንድ ግን ክፍፍሉ የሚሠራው በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ብቻ ነበር፤ ዛሬም የሚስትና የልጆች መብት በዚያው ላይ ይሠራል። መሬቱና ቤቱስ? ሟች ሌላ ዝግጅት ካላደረገ በቀር ሁሉም ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነው። ታናናሾቹ ወንዶችም፣ ሴቶቹም ከመሬቱ ምንም አያገኙም። ይህ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ሰው በሞት አልጋው ላይ ሆኖ መሬቱን ለሌላ አሳልፎ ቢሰጥና ቢሞት፣ ወራሹ ስጦታውን ማስፈረስ ይችል ነበር። ታሞ ፈርሞ ነው ወይስ ጤነኛ ሆኖ? የሚለው እንዴት ይለያል? መለያው እጅግ ቀላል ነበር፤ ሰውዬው ከፈረመ በኋላ ማንም ሳይደግፈው ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ደርሶ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1696 ደግሞ ከፈረመ በኋላ 60 ቀን በሕይወት ከቆየ ስጦታው እንዲጸና ተደነገገ። ፉቀሃኦቻችን ስለ ሞት ሕመም ስጦታ የጻፉትን የቀራ ሰው ሥጋቱ የት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል፤ በታማሚ አልጋ ዙሪያ የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ለዚያራ ብቻ አይመጣም።

እንግዲህ የባለአደራው ነገር የመጣው ከዚህ ጥበት ነው። እስከ 1868 ድረስ የስኮትላንድ ሰው መሬቱን በተራ ኑዛዜ ማውረስ አይችልም ነበር። ለሴት ልጁና ለታናናሾቹ ማሰብ የፈለገ አባት በሕይወቱ ሳለ መሬቱን በውል ለታመኑ ሰዎች ያዛውራል፤ እስኪሞት ራሱ ይጠቀምበታል፤ ሲሞት እነርሱ እንዳዘዛቸው ያደርጋሉ። ባለአደራ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሴት ልጁን የሚድር አባትም ወደ ባለአደራ ይሄድ ነበር። በዚያ አገር ያገባች ሴት ገንዘቧና ተንቀሳቃሽ ንብረቷ ወደ ባሏ ይዞር ስለነበር፣ አባት በጋብቻው ውል ገንዘቡን በባለአደራ እጅ ያኖርላት ነበር። ባል በሚስቱ ንብረት ላይ የነበረው ይህ መብት የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1881 በወጣ ሕግ ነው። እህቶቻችን ይህን ዓመት ልብ ይበሉልን። ሙስሊም ሚስት ንብረቷ የራሷ እንደሆነ ከተደነገገላት ስንት ዘመን እንዳለፈ እነርሱው ይቁጠሩት።

ባለአደራዎቹ የሚሰበሰቡበት መዝገብ «ሴደረንት» ይባላል፤ ቃሉ በላቲን «ተቀመጡ» ማለት ነው። በየስብሰባው መጀመሪያ ማን ማን እንደተቀመጠ ይጻፋልና። በመዝገቡ ውስጥ የአደራው ውል ይገለበጣል፤ የንብረቱ ቆጠራ ይሰፍራል፤ የተወሰነው ሁሉ ይጻፋል። በስብሰባ ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ የተባለ ነገር እዚያ ቦታ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የሒሳቡ አጻጻፍ ነው። ዛሬ ነጋዴው ሒሳብ ሲይዝ ትርፍና ኪሳራውን ለማወቅ ነው። የድሮው የስኮትላንድ ባለአደራ ሒሳብ ስለ ትርፍ አይጠይቅም። ሁለት ክፍል አለው፤ በእኛ ቋንቋ አንዱን ጭነት፣ ሌላውን ማራገፊያ ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። በጭነቱ ክፍል ባለአደራው የተረከበው ሁሉ ይጫንበታል፦ በቤት የተገኘው ጥሬ ገንዘብ፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ሰው ዘንድ ያለው ዕዳ። አዎ፣ ገና ያልተሰበሰበው ዕዳም ይጫንበታል! «አልከፈሉኝም» ካለ ለማስከፈል ምን እንዳደረገ ማሳየት የእርሱ ፈንታ ነው። በማራገፊያው ክፍል ደግሞ ያወጣው ይጻፋል፦ የቀብር ወጪ፣ የተከፈለ ዕዳ፣ የልጁ ጫማ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። እያንዳንዱ ወጪ ቁጥር ያለው ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ከጀርባው ላይ አይወርድለትም። በመጨረሻ ከጭነቱ ማራገፊያው ሲቀነስ የሚተርፈው ባለአደራው ዛሬም የተሸከመው ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ተቀብለሃል፣ የታለ?

የየቲሞቹ ነገር ደግሞ ብቻውን ሊነገር ይገባል። በቀድሞው ሕግ ወንድ ልጅ 14 ዓመት፣ ሴት ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሞግዚት ነበራቸው። አባት ሞግዚት ሳይሰይም ከሞተ በአባት ወገን የቅርብ የሆነው ወንድ ዘመድ ሞግዚት ይሆናል። ንብረቱን ያስተዳድራል፤ ልጁን ግን አይሰጡትም። ምክንያቱስ? ልጁ ቢሞት የሚወርሰው እርሱ ነዋ! ሕጻኑ ከእናቱ ጋር ይቆያል። ሕግ አውጪዎቹ ዘመድን ይጠሉ ነበር አንልም፤ የሰውን ነፍስ ግን ያውቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1672 የወጣው ሕግ ሞግዚት ሁሉ የሕጻኑን ንብረት በአባት ወገንና በእናት ወገን ፊት እንዲያስቆጥር አዘዘ። ቆጠራው በሦስት ቅጂ ይፈረማል፦ አንዱ ለሞግዚቱ፣ አንዱ ለአባት ወገን፣ አንዱ ለእናት ወገን። ይህን ሳያደርግ የቆየ ሞግዚት የሕጻኑን ባለዕዳዎች ከስሶ ማስከፈል አይችልም፤ ከኪሱ ያወጣውንም አይተካለትም። የእናት ወገን የራሱ ቅጂ በእጁ መኖሩ እኛን በጣም አስደስቶናል። በየቤታችን የባሏ ንብረት ምን ያህል እንደነበር የማታውቅ ስንት እናት አለች?

ሕግ መውጣቱ ብቻ ግን አልበቃም። ሞግዚት ለሌለው ሕጻን ፍርድ ቤቱ ራሱ አስተዳዳሪ ይሾም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1730 የወጣው ደንብም አስተዳዳሪው ሒሳቡን ለፍርድ ቤቱ እንዲያስገባ ያዝዛል። የገባውን ሒሳብ ቁጭ ብሎ የሚመረምር ቋሚ ሹም ግን አልነበረም። ወረቀቱ ይገባል፣ ይቀመጣል። ይህ የተለወጠው በ1849 ነው። በዚያ ዓመት ለሕጻናት፣ በአገር ለሌሉና አእምሯቸው ለታወከ ሰዎች ንብረት ጥበቃ ሕግ ወጣና የፍርድ ቤት ሒሳብ መርማሪ የሚባል ሹመት ተፈጠረ። አስተዳዳሪው ዋስ ይጠራል፣ ንብረቱን ያስቆጥራል፣ በየዓመቱ ሒሳቡን ያቀርባል፣ መርማሪውም እየመረመረ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። የሕጻኑን ገንዘብ ከ50 ፓውንድ በላይ ከአሥር ቀን በላይ በእጁ ካቆየ ደግሞ በትርፉ ላይ በዓመት 20 በመቶ ወለድ ይቀጣል። ቅጣቱ በወለድ መሆኑን ከአንባቢ አንደብቅም፤ አንወደውምም። እኛ የያዝነው አሥር ቀን የምትለዋን ነው። የሰው ገንዘብ በኪስ ውስጥ ሲሰነብት የራስ ይመስላልና።

ባለአደራነት ዕዳ ለመክፈልም ያገለግል ነበር። ታዋቂው ደራሲ ዋልተር ስኮት ከአታሚና ከአሳታሚ ጋር በነበረው ሽርክና የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1826 ከ120,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ወደቀበት። ከስሬያለሁ ብሎ ከመገላገል ይልቅ ንብረቱን ለባለአደራዎች አስረክቦ፣ ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ፤ የመጻሕፍቱም ገቢ ለአበዳሪዎቹ ይሄድ ጀመር። በ1832 ሲሞት ዕዳው ገና አላለቀም ነበር። ባለአደራዎቹ ቀጠሉ፤ የመጨረሻው ዕዳ የተዘጋው በ1847 የመጻሕፍቱ መብት ተሽጦ ነው። ከውርስ በፊት ዕዳ መሆኑን ለምናምን ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

የመዝገቡን መልካም ጎን ብቻ ነግረናችሁ ብናልፍ ግን አማናችንን በላን ማለት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ስኮትላንዳውያን በጃማይካና በሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የሸንኮራ እርሻ ነበራቸው። እነርሱ ሲሞቱ ባለአደራዎቻቸው ንብረቱን ቆጠሩ። በዚያ ቆጠራ ውስጥ ከበቅሎውና ከስኳር መጥመቂያው ጋር ሰዎች በስማቸው ተዘርዝረው ዋጋ ተጽፎባቸዋል፤ ወንዱ፣ ሴቲቱ፣ ሕጻኑም። ከምዕራብ አፍሪካ ወደዚያ ከተጋዙት ውስጥ ሙስሊሞች እንደነበሩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ሲወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተመደበ፤ ለባሮቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው። በስኮትላንድ የሟች ባለርስቶች ባለአደራዎችም ካሣውን ጠይቀው ተቀበሉ፤ ለወራሾቹም አከፋፈሉ። ጭነቱ ልክ ነው፣ ማራገፊያው ልክ ነው፣ ደረሰኙ ሁሉ ተሟልቷል። በጭነቱ ውስጥ የተጻፈው ግን የሰው ልጅ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች የእነዚያን ሰዎች ስም የሚያገኙት ከዚሁ ጸሐፊዎቹ በጥንቃቄ ከያዙት ሒሳብ ነው።

የሞግዚትነቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ተለውጧል፤ ዛሬ በስኮትላንድ 16 ዓመት የሞላው ልጅ በሕግ ፊት ለራሱ ይዋዋላል። በድሮው ጊዜ ሙሉ ሰው የሚባለው በ21 ዓመቱ ነበር። ያ ቀን ሲደርስ ወጣቱ ከአባቱ ሞት ጀምሮ ያለውን ሒሳብ ሁሉ ያያል፤ የሚጠይቀውን ይጠይቃል፤ የቀረውን ይረከባል። ከተስማማ ባለአደራውን ከጭነቱ የሚያወርድ ሰነድ ይፈርምለታል። ሰነዱ በኤደንብራ ፍርድ ቤት የውል መዝገብ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል፤ መዝገቡ ከ1554 ጀምሮ አለ። ወጣቱ እስካልፈረመ ድረስ ግን ባለአደራው ቢያረጅም ጭነቱ በእርሱ ላይ ነው፤ ከሞተም ሒሳቡን የሚጠየቁት ወራሾቹ ናቸው።