የሰፊው ሕዝብ መዝገብ በር ያለ ጠባቂ አይከፈትም

ማናቸውም የሥራ መሣሪያ የሚመዘነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ማንን ያገለግላል? ማንስ ይጠብቀዋል? ሠራተኛው ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ወደ ቢሮው የኮምፒዩተር መረብ እየገባ የሚሠራበትን አሠራር በዚሁ ሚዛን ልንመረምረው ይገባል።

አሠራሩ በአገራችን ጎልቶ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 16 ጀምሮ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች ከሕዳሴው ግድብ ጋር በተያያዘ የቃጡትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታወቀ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ለሠራተኛው በር በሚከፈትበት ሰዓት ጠላትም በር ይፈልጋል።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የተዘረጋ ነው። ወደ ዓለም ከተማ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ወርዶ የወጣ፣ የመሐል ሜዳንና የራቤልን ዳገት የሚያውቅ ባለሙያ ከርቀት መሥራት የሚያስገኘውን ጥቅም አይክድም። ይሁን እንጂ በየመዝገቡ የሚገኘው የገበሬው የመሬት ይዞታና የነዋሪው ማንነት ነው። አንድ መስመር በስውር ቢለወጥ ባለ ይዞታው መብቱን ለማስመለስ ዓመታት ሊንከራተት ይችላል።

የመንዝ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ማን፣ መቼና ለምን እንደሚገባ ደንግጎ ነበር። ሥርዓቱ መብትን በዘር ሐረግ መወሰኑ ጉድለቱ ቢሆንም፣ መጠቀምና መጠበቅ የማይታረቁ ቅራኔዎች አለመሆናቸውን አስመስክሯል።

በመሆኑም የሚከተሉት ተግባራዊ ሊሆኑ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፣ የቢሮ ኮምፒዩተር በቀጥታ ለኢንተርኔት አይጋለጥ፤ መግቢያው ቪፒኤን የተባለው፣ በቤትና በቢሮ መካከል የሚያልፈውን ሁሉ እየመሰጠረ የሚያሳልፍ አንድ በር ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በይለፍ ቃል ላይ በሠራተኛው ስልክ የሚታይ ጊዜያዊ ቁጥር ይጨመር።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዡ ወደ ሒሳብ ሰነድ፣ የመሬት ባለሙያው ወደ መሬት መዝገብ ብቻ ይግባ፤ ማን መቼ እንደገባም ይመዝገብ።

አራተኛ፣ የተዛወረ ወይም የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያ በዕለቱ ይዘጋ። የይለፍ ቃልን ለባልደረባ ማዋስ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ከማዋስ አይለይም።

ይህ ማለት ግን ሸክሙ ሁሉ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ይውደቅ ማለት አይደለም። መላው ቤተሰብ በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር የሕዝብ መዝገብ ከተከፈተ ድክመቱ በቅድሚያ የአመራሩ ነው። ቪፒኤን መንገዱን ይጠብቃል እንጂ በቫይረስ የተበከለ ኮምፒዩተርን አያነጻም። ስለዚህ መሣሪያውንም ሥልጠናውንም ማቅረብ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ያለ ፈቃድ የሚገባውን ይቀጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም መረጃ ያዡን በኃላፊነት ይጠይቃል። ሆኖም ቅጣት የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ጥፋትን አስቀድሞ የሚከላከለው የነቃ ሕዝብ ነው። የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በየስብሰባቸው ይህን ይጠይቁ፤ መዝገባችንን ከቤቱ ሆኖ የሚከፍተው ማነው? በማን ፈቃድ? ተቆጣጣሪውስ ማነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ያልቻለ መሥሪያ ቤት በሩን ለመክፈት ገና አልተዘጋጀም።