ጥይቱ ይወዳደር ወይስ ተኳሹ?

እ.ኤ.አ. በ1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ዊምብልደን ላይ የእንግሊዝን ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር የመጀመሪያ ውድድር በተኩስ ከፈቱ። ዊትዎርዝ የተባለው ጠመንጃ በብረት ማቆሚያ ላይ ታስሮ፣ ኢላማው ላይ ተነጣጥሮ ጠበቃቸው። እሳቸው የሐር ገመድ ሳቡ፤ ጥይቱም በ400 ያርድ ርቀት ከመሀሉ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ አረፈ። ጭብጨባው ቀለጠ። ታዲያ ማን መታ እንበል?

ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። ብዙ የረጅም ርቀት ኢላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ቤታቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበው ቅርጹን ያስተካክላሉ፣ ባሩዱን የምትለኩሰውን ትንሽ ቆብ ይቀይራሉ፣ ባሩዱን በሚሊግራም ይመዝናሉ፣ አረሩን ለራሳቸው አፈሙዝ በሚስማማ ልክ ይገጥማሉ። በልክ እንደተሰፋ ልብስ ማለት ነው።

ድካሙ ከንቱ አይደለም። በ7.62 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ የተተኮሰ ጥይት 1000 ያርድ (914 ሜትር) ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በሁለት ጥይቶች ፍጥነት መካከል በሰከንድ የ10 ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ አንዱ ከሌላው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። በ300 ያርድ ግን ይኸው ልዩነት ከጣት ውፍረት አያልፍም።

ይሁን እንጂ ነፋስ የሚባል ጌታ አለ። ተኳሹ የጎን ነፋሱን በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ አሳስቶ ቢገምት፣ በ1000 ያርድ ላይ እሱም አንድ ስንዝር ወደ ጎን ይወስደዋል። ነፋስን የሚመዝን ሚዛን ደግሞ ማንም ጓዳ ውስጥ የለም! ሦስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ «የኔ ጥይት አይስትም» የሚለውንም ሰው ብዙ አንመነው። ሦስት ጥይት ዕድል ነው፤ ሃያውን ተኩሶ ያሳየን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኛ ከየትኛው ወገን ነን? ኤፍ ክላስ በሚባለው ውድድር ጠመንጃው ድጋፍ ላይ ያርፋል፣ ማነጣጠሪያውም አጉሊ መነጽር ነው። እዚያ የጥይት አሞላሉም የጨዋታው አካል ስለሆነ ይሙሉ፣ ይፎካከሩ። በደረት ተኝቶ፣ ጠመንጃውን በማንገቻና በክንድ ብቻ ደግፎ፣ ያለ አጉሊ መነጽር በሚተኮስበት ግን ምርጫችን የቢዝሊ የረጅም ዘመን ልማድ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥይት ይታደል። ያን ጊዜ መሣሪያ መግዣ ገንዘብም ሆነ ማታ ማታ ባሩድ መመዘኛ ጊዜ የሌለው ተማሪ፣ ሠላሳ ዓመት ከተኮሰው አንጋፋ ጎን እኩል ይተኛል። የሚለያያቸው ዓይን፣ ትንፋሽና ነፋስ ማንበብ ብቻ ይሆናል።

«የታደለኝ ጥይት ለአፈሙዜ ባይስማማስ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ስለዚህ አዳዩም ዕዳ አለበት፤ ጥይቱን ከውድድሩ በፊት በብዙ ዓይነት አፈሙዝ ፈትኖ፣ ውጤቱን ለሁሉም ይለጥፍ። መጥፎ ጥይት ለሁሉም እኩል ማደል ፍትሕ አይባልም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት።