ማሽኑ የቆመበትን ሰዓት ማን ይጽፋል?

መቱ ውስጥ ቡና መቀሸሪያ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት ሲጠፋ ግቢው ጸጥ ይላል፤ በኩንታል የሚከፈለው ልጅ ጆንያ ላይ ጋደም ይላል። ያ ሰዓት ግን የትም አይጻፍም።

በጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ሥራ የታወቀ ቀላል ሒሳብ አለ። እንበል ማሽኑ 10 ሰዓት ሊሠራ ታቅዶ 6 ሠራ፤ 60 በመቶ። በሰዓት 10 ኩንታል መቀሸር ሲችል 8 ቀሸረ፤ 80 በመቶ። ከወጣው ቡና 90 በመቶው ሳይሰበር ወጣ። ሦስቱ ሲባዙ 43 በመቶ ብቻ! ባለቤቱ ይሄኔ «ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ እናስመጣ» ይላል። በየትኛው ዶላር? ደግሞስ አዲሱ መብራት ሲጠፋ ሊሠራ ነው?

«ኢትዮጵያ ታምርት» በ2014 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ማምረት አቅም ብዙ ሰምተናል። በጥቅሉ የሚነገረን ቁጥር ግን ሰዓቱን የበላው መብራት ይሁን፣ የላላ ቺንጋ ይሁን፣ በደንብ ያልደረቀ ቡና ይሁን አይለይም። መብራቱ በመቱ ሰው እጅ አይደለም፣ እሺ። ቺንጋውስ?

እኔ ብሆን ማሽኑ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ በገመድ አስር ነበር፦ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ። መብራት ኃይል አቤት ሊል የሚሄደውም ቀንና ሰዓት ይዞ ይሄዳል።