ጃፓንን በጃፓንኛ ማን ያንብብልን?

«ጃፓንኛ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» እዚህ ጄኔቫ በምንኖር ሐበሾች መካከል የልጆች የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲነሳ ይህችን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ሕክምና፣ ሕግ ወይም ባንክ ከተባለ የሁሉም ፊት ይፈካል። አንዱ ልጅ «የጃፓን ቋንቋና ባህል ላጥና» ካለ ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። በወላጅ አልፈርድም። ሌሊት ቢሮ እያጸዳ ልጅ ያሳደገ ሰው ስለ ልጁ እንጀራ ቢጨነቅ ምን ይገርማል? ነገሩ ግን ሌላም ጎን አለው።

እኛ ኢትዮጵያውያን «እንደ ጃፓን እንሠልጥን» ማለት ከጀመርን መቶ ዓመት አልፎናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ሲያረቅቁ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ተመለሱና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉልን። በኛ ዘመን ደግሞ ካይዘን መጣ፤ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት፣ ቃሉ በየፋብሪካው ግድግዳ ተለጠፈ። «ካይ» ለውጥ፣ «ዜን» መልካም ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

እነዚያ አባቶቻችን የቻሉትን አድርገዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ጃፓንን ያየናት በአብዛኛው በአውሮፓ ቋንቋዎች መስኮት በኩል ነው። በአንጻሩ የኅሩይ መጽሐፍ በጃፓንኛ ተተርጉሞ ቶኪዮ ላይ ታትሟል። እነሱ እኛን በቋንቋቸው ሲያነቡን፣ እኛ እነሱን በሰው ቋንቋ እናነብባቸው ነበር ማለት ነው።

የዚህን ክፍተት ትርጉም እዚሁ ጄኔቫ ላይ ሆኖ ማሰብ ይቻላል። ያንኑ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት እ.ኤ.አ. በ1935 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት በዚህች ከተማ ነው። አርአያችን የነበረችው ጃፓን ግን በማንቹሪያ ጉዳይ ተኳርፋ ማኅበሩን እንደምትለቅ ያስታወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። በ1936 መጨረሻ ደግሞ አዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ለውጣ የጣሊያንን አገዛዝ ተቀበለች። ጃፓንኛ ብናውቅ ወረራው ይቀር ነበር አልልም። ቢያንስ ግን የጃፓንን ጋዜጣ በራሱ ቋንቋ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖረን፣ ተስፋችንን በልኩ እንይዘው ነበር። ሰውን ከሩቅ ማድነቅና ምን እንደሚያስብ ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ስዊዞች ይህን ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1864 ከጃፓን ጋር ውል የተዋዋለላቸው ኤሜ ኡምቤር የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። የሄደው ለንግድ ቢሆንም፣ ተመልሶ ስለ ጃፓን ሕዝብ ኑሮ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ሕዝቧ 9 ሚሊዮን ገደማ የሆነች አገር በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ፣ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በጀርመንኛ የጃፓን ጥናት ታስተምራለች። እንጀራ የጠፋባቸው ሰዎች አይደሉም እኮ!

ደግሞ አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ለዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይሄድም። «አበበ በሶ በላ» የሚለውን የሁላችንንም ዓረፍተ ነገር ውሰዱ። በጃፓንኛ «አበበ ዋ በሶ ኦ ታቤታ» ይሆናል። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ «ኦ» የምትለዋ የኛን «ን» ሥራ ትሠራለች። ፊደላቸውም ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል። ለታላቅ የሚነገረውና ለእኩያ የሚነገረው ግስ ይለያል፤ «አንቱ» ብሎ ያደገ ልጅ ይህ አይደንቀውም። ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ብቻ የሚያውቅ የክፍል ጓደኛው ግን ገና ከዜሮ ይጀምራል። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ለዕለት ንባብ ብቻ 2,136 የካንጂ ምልክቶች አሉ፤ እነሱ ላብ ያስወጣሉ።

ወደ እንጀራው ጥያቄ ልመለስ። በጄኔቫ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሠራው በሁለት የትምህርት ዘርፎች ነው። ዙሪክም ዋናና ንዑስ ትምህርት አጣምሮ መያዝ ይቻላል። ጃፓንኛን ከታሪክ፣ ከቋንቋ ጥናት ወይም ከሌላ ዘርፍ ጋር ያጣመረ ወጣት በእጁ ሁለት መሣሪያ ይዞ ይወጣል። በዚያ ላይ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ አለው፤ አማርኛውን ከጠበቀለት ደግሞ በኢትዮጵያና በጃፓን መካከል ያለ ሦስተኛ ቋንቋ መቆም የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጣት የሚቆጠር ነው፤ ተርጓሚም ሆነ፣ ተመራማሪ ወይም ነጋዴ፣ ተፈላጊ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጃፓንኛ ልማር ሲላችሁ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ «ከእሱ ጋር ምን ልታጣምር አስበሃል?» ሁለተኛ፣ «አማርኛህን እስከ ምን ድረስ ታነባለህ?» ለሁለቱም መልስ ካለው ፎርሙን አብራችሁት ሙሉ።