ብርሃን በባዶ ክር ውስጥ፦ ከእርሳስና ከወረቀት የሚጀምር ጥናት

በክረምት ወራት መካኒሳ ላይ ታክሲ ለመጠበቅ የቆመ ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ አስፋልቱ ዝቅ ብሎ ቢመለከት፣ ከመኪኖች የተንጠባጠበው ዘይት በእርጥቡ መንገድ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ሠርቶ ያገኘዋል። እነዚህ ቀለሞች በዘይቱ ውስጥ የሉም። ከስሱ ሽፋን የላይኛውና የታችኛው ገጽ የሚንጸባረቁት ሞገዶች ተገናኝተው አንዱን ቀለም ሲያጎሉ ሌላውን ስለሚያጠፉ የሚፈጠሩ ናቸው። ኢንተርፈረንስ የሚባለውን ይህን ክስተት ተማሪዎቻችን ለፈተና ያጠኑታል። ከዚህ አስፋልት ተነስቶ ዛሬ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ወደሚሠራበት አንድ የምርምር መስክ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ግን የነገርናቸው አይመስለኝም።

መስኩ ውስጠ ባዶ የሆኑ የፋይበር ኦፕቲክ ክሮች ጥናት ነው። የተለመደው ፋይበር ድፍን መስታወት ሲሆን፣ ብርሃኑን የሚይዘው በሙሉ ውስጣዊ ጽብረቃ ነው። ቻርልስ ካዎ እ.ኤ.አ. በ1966 ንጹሕ መስታወት መልእክት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳዩ ሲሆን፣ በዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ወደ 300,000 ይጠጋል። ታዲያ የክሩን መሐል ባዶ ብናደርገውስ? እዚህ ላይ የመማሪያ መጽሐፉ ይከለክለናል። ሙሉ ውስጣዊ ጽብረቃ የሚኖረው ብርሃን ከፍ ካለ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ወደ ዝቅተኛው ሲያልፍ ነውና፣ በአየር ላይ ያለ ብርሃን መስታወቱን ሲነካ ከፊሉ ሾልኮ ይወጣል።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኢላይ ያብሎኖቪችና ሳጂቭ ጆን፣ በሥርዓት ተደጋግሞ የተደረደረ ቁስ የተወሰነ ርዝመተ ሞገድ ያለውን ብርሃን ጨርሶ ሊያግድ እንደሚችል በየፊናቸው አመለከቱ። ፎቶኒክ ክሪስታል የምንለው ይህንኑ ነው። ፊሊፕ ራስልና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 ባዶውን መሐል እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩ ቀዳዳዎች ከብበው ብርሃንን በአየር ውስጥ መሩት። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ብክነቱ በአሥር ዓመት ትግል እንኳ በኪሎ ሜትር ከ1 ዴሲቤል ብዙም አልወረደም፤ ድፍኑ ፋይበር 0.2 ያህል ነው። የማክስዌል እኩልታዎች አልተሳሳቱም። ብዙዎቹ ሞዴሎች የመስታወቱን ገጽ ፍጹም ለስላሳ አድርገው ይወስዱ ነበር፤ መስታወቱ ቀልጦ ሲሳብና ሲቀዘቅዝ ግን በገጹ ላይ ጥቃቅን የሙቀት ሞገዶች ረግተው ይቀራሉ። ብርሃኑን የበተነው ይህ ሸካራነት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ፍራንቸስኮ ፖሌቲ አንድ ንድፍ አሳተሙ። በባዶው መሐል ዙሪያ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ስስ ቱቦዎች፣ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥም ሌላ ትንሽ ቱቦ። ጽሑፉ የስሌት ሥራ ነበር፤ ይህ ቅርጽ ብክነቱን ከድፍኑ ፋይበር በታች ሊያወርድ እንደሚችል ተነበየ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከዚሁ ንድፍ ዳብሮ የተሠራ ክር በኪሎ ሜትር 0.091 ዴሲቤል እንደሚያባክን ተለክቶ ታተመ። ይኸውም በተለመደው ፋይበር ከመካኒሳ የተነሳ ብርሃን ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ማለትም ሰበታ አካባቢ፣ ኃይሉ ሲጋመስ፣ በዚህኛው ግን 33 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሞዴሉ ከመስታወቱ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር።

የቱቦው ግድግዳ የሚሠራው ሥራ ደግሞ የመካኒሳው ዘይት የሚሠራውን ነው። ከግድግዳው ሁለት ገጾች የሚመለሱት ሞገዶች ከተደጋገፉ ብርሃኑ ወደ መሐል ይመለሳል፤ ከተጠፋፉ ይፈስሳል። ስሌቱን አብረን እንሥራ። የመስታወቱ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 1.44 ነው። ካሬውን ወስደን 1 እንቀንስና ካሬ ሥሩን ብናወጣ 1.04 ያህል እናገኛለን። ይህን በ4 አባዝተን የምንፈልገውን ርዝመተ ሞገድ፣ ለቴሌኮም የተለመደውን 1.55 ማይክሮ ሜትር፣ ለውጤቱ ብናካፍል ተስማሚው የግድግዳ ውፍረት 0.37 ማይክሮ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ሁለት መቶኛ ገደማ ማለት ነው። የንድፉ መነሻ ይኸው ነው፤ ካልኩሌተር እንኳ አይጠይቅም።

አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልግ ይህን ሐሳብ ባቀርብለት፣ «መሣሪያ የለንም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስታወት አቅልጦ የሚስብ ማማ የለንም፣ በቅርቡም የሚኖረን አይመስለኝም። ግን ተማሪው የሳተው ነገር አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ሰሎሞን አሰፋ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ በአይ.ቢ.ኤም. ብርሃንን በሲሊኮን ቺፕ ላይ በመምራት ምርምራቸው ይታወቃሉ። እሳቸው የተማሩበት ተቋም ለፎቶኒክ ክሪስታል ስሌት ያዘጋጃቸው ኤምፒቢና ሚፕ የተባሉት ፕሮግራሞች ዛሬ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ናቸው፤ በአንድ ተራ ላፕቶፕም ይሠራሉ። መብራት እስኪመጣ ድረስ ደግሞ እርሳስና ወረቀት አለ።

እዚህ ላይ አንድ ስጋቴን ልናገር። በውጭ አገር ዶክትሬቴን በምሠራበት ጊዜ አንድ ሌሊት ኮምፒዩተሩ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ብክነት አወጣልኝ። በደስታ ለአማካሪዬ ባሳያቸው፣ የስሌቱን መረብ በግማሽ አጥብቤ እንድደግመው ብቻ ነገሩኝ። ደገምኩት፤ ውጤቱ አልቀረልኝም። የመረቡ ዓይን ከግድግዳው ውፍረት ይበልጥ ስለነበር ፕሮግራሙ ግድግዳውን በትክክል አላየውም ነበር። በመሆኑም በእጁ ያላሰላውን ነገር ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ተማሪ ቢመጣብኝ ሥራውን አልቀበለውም። ባለቀለም ሥዕል የተደረደረባቸው፣ አንድም የእጅ ስሌት የሌለባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በዝተውብናልና ይህ ግትርነት አይደለም።

ክሩ ለአገራችን ዛሬ ያስፈልጋል ወይ ለሚለኝ፣ አያስፈልግም እላለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ቢዘረጋ የሚያተርፍልን ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺኛ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ለስልክ ጥሪያችን ምኑም አይደለም። የሚያስፈልገን በአንድ ጥያቄ ላይ ከሌላው ዓለም ተማሪ ጋር እኩል ሊሠራ የሚችል ተማሪ ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ የቤት ሥራ ልተው። ሞገዶቹ የሚጠፋፉበትን፣ ማለትም ክሩ ብርሃኑን የሚያፈስበትን የመጀመሪያ ርዝመተ ሞገድ ለማግኘት ከላይ በ4 ያባዛነውን በ2 እንተካና በግድግዳው ውፍረት እናባዛለን። ለ0.37 ማይክሮ ሜትር ግድግዳ መልሱ ስንት ይሆናል? ያገኛችሁት ቁጥር ዓይናችን ሊያየው በሚችለው የቀይ ብርሃን ጠርዝ ላይ ካረፈ አልተሳሳታችሁም።