የምንማረው ሙያውን ነው ወይስ ሸቀጡን?

በያዝነው የትምህርት ዘመን ለክፍላችን ከታደሉት የኮርስ መግለጫዎች ሦስቱ አንድ ዓይነት አንቀጽ ይዘዋል። አንቀጹ አጭር ነው። የጽሑፍ ሥራ፣ የቁጥር ሠንጠረዥና የስላይድ ገለጻ ሁሉ ስሙ በተጠቀሰው አንድ የንግድ ፕሮግራም ተሠርቶ፣ በዚያው ፕሮግራም የፋይል ዓይነት ካልቀረበ ሙሉ ነጥብ እንደማይሰጠው ይገልጻል። ባለፈው ሴሚስተር ይኸው ደንብ ሥራ ላይ ሲውል ከመካከላችን አንዲት እህት የኅብረተሰብ ጤና የመስክ ጥናቷን በነፃ ፕሮግራም አዘጋጅታ በማቅረቧ ከ100 ነጥብ 15 ተቀንሶባታል። በጥናቱ ይዘት ላይ የተሰነዘረ ነቀፌታ አልነበረም። የተቀጣችው በናሙናው አመራረጥ ወይም በስሌቱ ስሕተት ሳይሆን በፋይሉ ዓይነት ነው። ስኮላርሺፑ በውጤት ላይ ለተንጠለጠለ ተማሪ ደግሞ 15 ነጥብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ይህም ጉዳይ ሆኖ በመጽሔት ይጻፋል ወይ?» የሚሉን ወንድሞች አልጠፉም። እኛ ይጻፋል እንላለን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምንለውንና የማንለውን እንለይ። ሥራችንን በእጅ ጽፈን እናቅርብ አላልንም። ማይክሮሶፍት ኦፊስ መጥፎ ፕሮግራም ነውም አላልንም፤ በብዙ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት የሚሠራበት እንደሆነ እናውቃለን። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተማሪ ሊመዘን የሚገባው በሠራው ሥራ እንጂ ሥራውን በሠራበት ሸቀጥ አይደለም። የልብ ድምፅ ማዳመጥ ስንማር መምህሮቻችን የሚጠይቁን የሰማነውን ነው። የማዳመጫውን ፋብሪካ ስም ጠይቀውን አያውቁም።

በመጀመሪያ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ እንመልከት። ከስኮላርሺፕ የምናገኘው የኪስ ገንዘብ ለምግብ፣ ለመጓጓዣና ለመጻሕፍት ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። የፕሮግራም ኪራይ በውስጡ የለም። ኪራይ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፊስ 365 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በወር ወይም በዓመት የሚከፈለው አገልግሎት እያደር ዋነኛው የመሸጫ መንገድ ሆኗል። ጉድለታችንን የሚሞሉልን ቤተሰቦቻችን ደግሞ የሚልኩት ከብር መንዝረው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው ተመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በኮርስ መግለጫ ላይ በአንድ መስመር የተጻፈ ግዴታ እዚያ አገር ቤት የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ሊሆን እንደሚችል የደንቡ አርቃቂዎች ያሰቡት አይመስለንም።

ገንዘቡ ቢገኝስ? በኦክቶበር 2019 አዶቢ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በአሜሪካ መንግሥት ማዕቀብ ምክንያት የቬኔዙዌላ ደንበኞቹን አካውንት በሙሉ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ያነሣው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። በመካከሉ ለሦስት ሳምንታት ያህል፣ ምንም ያላጠፉ ሰዎች የገዛ ሥራቸውን መክፈት እንዳይከለከሉ ሲሠጉ ቆይተዋል። በመኝታ ክፍሎቻችን ከሱዳን፣ ከሶሪያና ከኢራን የመጡ ወንድሞችና እህቶች አብረውን ይኖራሉ። ማዕቀብ ወደ ተማሪ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚደርስ ከእነሱ በላይ የሚያስረዳን የለም።

እዚህ ላይ «ለተማሪ በነፃ ይሰጣል» የሚል መልስ ይቀርብልናል። መልሱ እውነትነት አለው። ማይክሮሶፍት የትምህርት ተቋም ኢሜይል ላላቸው ተማሪዎች በኢንተርኔት ላይ የሚሠራውን የኦፊስ ቅጂ ያለ ክፍያ ያቀርባል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ ይህ ቅጂ የማይቋረጥ የኢንተርኔት መሥመር ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በኮምፒዩተር ላይ ከሚጫነው ቅጂ ጋር እኩል አይደለም፤ ለምሳሌ ማክሮ ያለበት የኤክሴል ልምምድ ቢሰጠን በዚህ ቅጂ ማክሮውን ማሠራት አይቻልም። ሦስተኛ፣ አካውንቱ የተቋሙ እንጂ የእኛ አይደለም። ተመርቀን ወደ ወሎ ወይም ወደ ጋሞ ጤና ጣቢያ ስንሄድ አብሮን አይሄድም። ያን ጊዜ በሌላ መሣሪያ መሥራት ያልተማረ ሐኪም ወይ ይከፍላል ወይ ይሰርቃል።

መስረቅ ያልነው ቃሉን ሳንሸፋፍን ነው። ደንቡ ሲወጣ ብዙው ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል፤ ከየትም የተለቀመ፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ይጭናል። ከቅጂው ጋር ቫይረስ ይገባል፤ ቫይረሱ በፍላሽ ተይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ የመስክ ጥናት መረጃም አብሮ ይጠፋል። ሕግ አክብሮ በነፃ ፕሮግራም የሠራ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት፣ በተሰረቀ ቅጂ የሠራው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን የሚያደርግ ደንብ ማንን እያስተማረ እንደሆነ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ትምህርቱ ራሱ ነው። ለመሆኑ አንድ ምርት የት ጋ ምን እንዳለው መሸምደድ ዕውቀት ነውን? በኦፊስ 2007 ኩባንያው የዎርድን፣ የኤክሴልንና የፓወርፖይንትን የቀድሞ ሜኑዎች አንሥቶ በአዲስ የትእዛዝ ረድፍ ተክቷቸዋል። ሜኑ ያጠና ሁሉ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ርዕስንና ንዑስ ርዕስን በስታይል መለየት፣ የማውጫ አሠራርን፣ የሠንጠረዥን አወቃቀር የተረዳ ሰው ግን ጥቂት ቀን ፈልጎ ሥራውን ቀጠለ። በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ የኦፊስ 2016ና የኦፊስ 2019 ድጋፍ በአንድ ቀን አብቅቷል። ሸቀጥ ዕድሜ አለው፤ ትምህርት ግን ከሸቀጥ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይገባል።

በሕክምና ሙያ ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ይነካል። በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ 2020 በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀርተው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ያገኟቸውን ሌሎች ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ በዚያው መጠን ዘገየ። ምክንያቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ በማይችለው የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት መረጃ መቀበላቸው ነበር። ከረድፉ ያለፈው ሁሉ ሳይታይ ቀረ። በዘር ሕዋስ ጥናትም እንዲሁ ነው። ኤክሴል «ማርች 1» ወይም «ሴፕት 2» የሚመስል የጂን መጠሪያ ሲያገኝ ወደ ቀን መቁጠሪያ ይለውጠዋል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ካቀረቡ የምርምር ጽሑፎች ከአምስት አንድ የሚሆኑት በዚህ ስሕተት የተበከሉ መሆናቸውን አሳየ። በመጨረሻ በ2020 የጂን ስያሜ ኮሚቴው የጂኖቹን መጠሪያ ለመለወጥ ተገደደ። ኩባንያው ይህን ልማድ ማጥፊያ ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። ሳይንስ ለፕሮግራም ስሟን ቀየረች ማለት ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች «ኤክሴልን እንተው» የሚል መደምደሚያ አናወጣም። የምናወጣው ትምህርት ሌላ ነው። ጥሬ መረጃን ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ ብሎ መወሰን፣ መረጃን በማንኛውም ፕሮግራም በሚነበብ ተራ የጽሑፍ ፋይል መያዝ፣ የገባው የረድፍ ብዛት ከወጣው ጋር መመሳከሩን ማረጋገጥ፤ ሐኪም ሊማር የሚገባው ይህ ነው። በኮርስ መግለጫችን ግን የፕሮግራሙ ስም ሲገኝ ከእነዚህ አንዱ እንኳ አይገኝም።

በአንድ ሸቀጥ መታሰር የሚያመጣውን ጉዳት እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ከማንም አስቀድመን ቀምሰነዋል። በ1990ዎቹ ፊደላችን በኮምፒዩተር የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ እርስ በርስ በማይግባቡ ፕሮግራሞች ነበር። እያንዳንዱ የላቲኑን ፊደል ቦታ በራሱ መንገድ ይዞ ፊደላችንን ይተካበት ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ችግሩን መፍታት የተቻለው አንዱ ነጋዴ ሌላውን ስላሸነፈ አይደለም። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 የጋራ መለኪያ ውስጥ ቦታ በማግኘቱ፣ በየትኛውም ፕሮግራም ተጽፎ በየትኛውም መነበብ ስለቻለ ነው። የጋራ መለኪያ ምን ያህል ነፃ እንደሚያወጣ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለንም።

ለቢሮ ሰነድም እንዲህ ያለ መለኪያ አለ። ኦፕን ዶኩመንት የተባለው የፋይል ዓይነት በ2006 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸድቋል። የማይክሮሶፍቱም የፋይል ዓይነት ከብዙ ክርክር በኋላ በ2008 ጸድቋል። በ2010 የተጀመረው ሊብረ ኦፊስ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ሁለቱንም ይከፍታል፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስም ኦፕን ዶኩመንትን ይከፍታል። የብሪታንያ መንግሥት በ2014 መሥሪያ ቤቶቹ ለሚለዋወጡት ሰነድ ኦፕን ዶኩመንትን መርጧል። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ አገር በ2024 30,000 የሚሆኑ የመንግሥት ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊብረ ኦፊስ ለማዛወር ወስናለች። መንግሥታት የሚሠሩበትን ለአንድ ተማሪ የመስክ ጥናት አይበቃም ማለት ያስቸግራል።

የመምህሮቻችን ችግር አይገባንም ማለት አይደለም። የብዙ ተማሪ ሥራ የሚያርም ሰው በየዓይነቱ ፋይል ሲደርሰው ይቸገራል። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር ሠንጠረዥ ይዛባል፣ የዳር አስተያየት ይጠፋል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ለነጥብ የሚቀርብ የመጨረሻ ሥራ በፒዲኤፍ ቢሆን የትም ተከፍቶ ሳይዛባ ይነበባል፤ በፒዲኤፍ ላይ አስተያየት መጻፍም ይቻላል። «የሥራ ገበያው የሚፈልገው ይህንን ፕሮግራም ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ገበያው የሚፈልገው ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ፕሮግራሙን በቤተ ሙከራው አቅርቦ ያስተምረን እንላለን። ሳያስተምሩና ሳያቀርቡ በግዴታ መጠየቅ ግን ትምህርት አይባልም።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለአካዳሚክ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

1ኛ. ለነጥብ የሚቀርብ የጽሑፍ ሥራ በፒዲኤፍ፣ ሊታረም የሚገባው ረቂቅ ከሁለቱ የጸደቁ መለኪያዎች በአንዱ፣ የቁጥር መረጃም በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀባይነት እንዲያገኝ።

2ኛ. በፋይሉ ዓይነት ብቻ ነጥብ መቀነስ እንዲቀር፣ ባለፈው ሴሚስተር የተቀነሰውም እንዲመረመር።

3ኛ. ለአንድ ኮርስ የተለየ የንግድ ፕሮግራም የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ምክንያቱ በኮርስ መግለጫው እንዲጻፍ፣ ፕሮግራሙም ማታና በዕረፍት ቀን ጭምር ክፍት በሆነ ቤተ ሙከራ እንዲቀርብ።

4ኛ. የኮምፒዩተር ኮርሱ በምርት ስም ሳይሆን በሥራው ዓይነት እንዲዘጋጅ፤ የመረጃ አያያዝም የትምህርቱ አካል እንዲሆን።

እነዚህ ጥያቄዎች የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። የየመኑም፣ የሱዳኑም፣ የዚሁ አገር ድሃ ልጅም ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ ከሌሎቹ የውጭ ተማሪዎች ማኅበራትና ከአገሩ ተማሪዎች ጋር ተመካክረን በአንድ ደብዳቤ ብናቀርባቸው ይሻላል። ነገ የምንጽፈው የታካሚ መዝገብ ከእኛም፣ ዛሬ ፕሮግራሙን ከሚሸጠው ኩባንያም ዕድሜ በላይ ሊነበብ ይገባዋል። ለዚያ የሚያበቃንን ልማድ ልንይዝ የሚገባን አሁን፣ በተማሪነታችን ነው። የደብዳቤው ረቂቅ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ አንብባችሁ አስተያየታችሁን ጨምሩበት፣ ከተስማማችሁም ፈርሙ።